ዥንጉርጉር ከዥንጉርጉር ጋር፦ ንድፍ ያላቸውን ልብሶች አጣምሮ ስለመልበስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለ መስመር፣ ካሬ፣ አበባማና ጥለት ያላቸውን ልብሶች በዘወትር አለባበስ አንድ ላይ ለመልበስ እየፈለጉ «አይሄድ ይሆን?» ብለው ለሚያመነቱ ሁሉ የተዘጋጀ ነው።

ንድፍ ያላቸውን ልብሶች ማጣመር ሲባል ምን ማለት ነው?

መስመር፣ ካሬ፣ ነጠብጣብ፣ አበባ ወይም ሌላ ተደጋጋሚ ቅርጽ ያለባቸውን ሁለትና ከዚያ በላይ ልብሶች በአንድ ጊዜ መልበስ ማለት ነው። ባለ መስመር ሸሚዝ ከአበባማ ጉርድ ቀሚስ ጋር፣ ካሬ ኮት ከባለ ነጠብጣብ ከረባት ጋር፣ ዥንጉርጉር ቀሚስ ከዥንጉርጉር ሻርፕ ጋር ሊሆን ይችላል። ቅርጹ ከሽመናው ጋር አብሮ የተሠራ ይሁን በጨርቁ ላይ የታተመ፣ ለዚህ ጉዳይ ልዩነት የለውም። በነጠላና በሐበሻ ቀሚስ ላይ የሚሠራው ጥለትም እንደ አንድ ንድፍ መቆጠር አለበት፤ በእኛ አለባበስ አንዱ ልብስ ከሌላው ጋር አልሄድ የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህ ስለሚዘነጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዥንጉርጉር ልብስ ከወጥ ቀለም ጋር ብቻ ነው የሚለበሰው የሚባለው እውነት ነው?

ምክሩ ለጥንቃቄ ይጠቅማል እንጂ ሕግ አይደለም። ወጥ ቀለም ያለው ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ ከማንኛውም ንድፍ ጋር ስለሚስማማ፣ ጠዋት ለሥራ ሲጣደፉ ለማሰብ ጊዜ ለሌላቸው ሰዎች አስተማማኝ ምርጫ ነው።

ሆኖም ሁለት ንድፎች ተገናኙ ማለት ተጋጩ ማለት አይደለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ እኩል ድምፅ አውጥተው ሲያወሩ ማንኛቸውንም መስማት እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ ሁለት ንድፎችም በመጠንም በድምቀትም እኩል ሲሆኑ ዓይን የትኛውን እንደሚከተል ያጣል። አንዱ ጎልቶ ሌላው ዝግ ካለ፣ በመካከላቸውም የሚጋሩት ቀለም ካለ፣ ሁለቱ አብረው ለመልበስ ታስበው የተገዙ ይመስላሉ።

ሞክሬ አላውቅም፤ ከየትኛው ንድፍ ልጀምር?

ከመስመር። ሁለት ቀለም ብቻ ያለው ቀጭን መስመር ከሌሎች ንድፎች ሁሉ ይልቅ ለወጥ ቀለም የቀረበ ጠባይ አለው፤ ቅርጹ ቀጥ ያለ ስለሆነም አበባን ከመሰሉ ጎባጣ ቅርጾች ጋር አይምታታም። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1858 ለመርከበኞቹ ያጸደቀው ሰማያዊና ነጭ ባለ አግድም መስመር ሹራብ ዛሬም በመላው ዓለም በየልብስ መደብሩ የሚገኘው፣ በልብስ ሳጥን ውስጥ ካለው ከሞላ ጎደል ሁሉ ጋር ስለሚለበስ ነው። እንዲህ ያለ ከነቴራ ከአበባማ ጉርድ ቀሚስ ጋር ለብሶ መሞከር ከሁሉ የቀለለ መነሻ ነው።

ይህም የሚያስፈራ ከሆነ ሁለተኛውን ንድፍ በትንሽ ነገር ማስገባት ይቻላል። ሻርፕ፣ ከረባት፣ የፀጉር ሻሽ ወይም የእጅ ቦርሳ ከሰውነት ላይ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው፤ ካልተመቸም ቤት ሳይመለሱ አውልቆ ማስቀመጥ ይቻላል።

ቀለሞቹ የግድ መመሳሰል አለባቸው?

ሁሉም መመሳሰል የለባቸውም፤ አንዱ ግን በሁለቱም ላይ መገኘት አለበት። ለምሳሌ ነጭ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ሸሚዝ፣ በጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫና ነጭ አበባ ካለበት ጉርድ ቀሚስ ጋር ይሄዳል፤ ሰማያዊውና ነጩ ያገናኛቸዋልና ቢጫው ብቻውን መጥቶ አይረብሽም። የጋራው ቀለም የግድ ዋናው መሆን የለበትም። ከአበባው ቅጠል ጫፍ ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን አረንጓዴ እንኳ በሌላው ልብስ ላይ ከተደገመ ይበቃል።

ከአበባውና ከመስመሩ ይልቅ ብዙ ሰው የሚስተው መደቡን ነው። የአንዱ መደብ ጥርት ያለ ነጭ፣ የሌላው ደግሞ ወደ ክሬም የሚያደላ ከሆነ፣ ክሬሙ ከነጩ አጠገብ ሲቆም ያደፈ ይመስላል። ይህ ደግሞ በሱቅ መብራት ሥር አይታወቅም። ስለዚህ ልብሱን ወደ ሱቁ በር ወጣ አድርጎ በፀሐይ ብርሃን ማየት፣ ከተቻለም አብሮ የሚለበሰውን ይዞ መሄድ ይገባል።

የንድፉ መጠን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ከቀለምም በላይ። ሁለት ንድፎች ሲጣመሩ የአንዱ ቅርጽ ከሌላው ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢበልጥ ይመረጣል። የጥፍር ያህል አበባ ያለበት ሸሚዝ መዳፍ የሚሞላ ካሬ ካለው ኮት ጋር ያለ ችግር ይለበሳል፤ የጥፍር ያህል አበባ ከጥፍር ያህል ነጠብጣብ ጋር ግን፣ ቀለማቸው ፍጹም አንድ ቢሆን እንኳ፣ ዓይን ያጭበረብራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በጣም ደቃቅ ንድፍ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ቅርጹ ጠፍቶ እንደ አንድ ለስላሳ ቀለም ይታያል፤ ትልቁ ንድፍ ግን ከሩቅም ቅርጹን አይለቅም። ስለዚህ ሰው ከሩቅ ሲያይዎት አንድ ንድፍ ብቻ ይታየዋል፣ ቀርቦ ሲያነጋግርዎት ደግሞ ሁለተኛውን ያገኛል። ይህ አጋጣሚ፣ ማለትም ቀርቦ ለሚያይ ሰው የሚቆይ ነገር መኖሩ፣ ንድፍ ከማጣመር የሚገኘው ትልቁ ደስታ ይመስለኛል።

መጠንን በመስታወት ፊት ተጠግቶ መዳኘት አይቻልም። ከመስታወቱ ራቅ ብሎ ዓይንን በከፊል ጨፍኖ ማየት ይረዳል፤ ከዚያ የተሻለው ደግሞ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው። ቀለሙ ሲወጣ የሚቀረው የቅርጹ መጠንና የብርሃንና የጥላው ልዩነት ብቻ ነው፤ ሸሚዙና ጉርድ ቀሚሱ በፎቶው ላይ ተቀላቅለው እንደ አንድ ጨርቅ ከታዩ፣ ከሁለቱ አንዱ መቀየር አለበት።

በአንድ ጊዜ ስንት ንድፍ መልበስ ይቻላል?

ለዘወትር ሁለት ይበቃል። ሦስት ሲሆን ሦስተኛው ደቃቅ መሆን አለበት። ጫማና ቀበቶ ወጥ ቀለም ቢሆኑ ይመረጣል፤ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋልና።

አግድም መስመር ያወፍራል፣ ቁልቁል መስመር ያቀጥናል ይባላል፤ እውነት ነው?

ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ቢሆንም መሠረቱ ደካማ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ዕይታ ሊቅ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ባሳተመው ሥራው፣ በአግድም መስመሮች የተሞላ አራት ማዕዘን፣ በቁልቁል መስመሮች ከተሞላው እኩያው ይልቅ ረዘምና ጠበብ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በሴቶች ምስል ላይ ሞክረው፣ አግድም መስመር ለባሿን አያሰፋትም የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል።

በተግባር ከመስመሩ አቅጣጫ ይልቅ የልብሱ ልክ ይበልጣል። ጠባብ ከነቴራ ላይ ያለ መስመር በሆድና በጎን ላይ ሲደርስ ይጎብጣል፤ ያ ጉብጠት ነው የሰውነትን ቅርጽ የሚናገረው። ልኩ ሰፋ ያለ ልብስ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ይህ ሥጋትም አብሮ ይጠፋል።

ሙሉ ልብስ ለብሼ ቢሮ ነው የምሠራው፤ ካሬ ሸሚዝ ከባለ መስመር ከረባት ጋር ይለበሳል?

ይለበሳል። የወንዶች የሥራ ልብስ እንዲያውም ንድፍ ለማጣመር የተመቸ ነው፤ ኮት፣ ሸሚዝና ከረባት ስፋታቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይውጠውም። የከረባቱ ቅርጽ ከሸሚዙ ተለቅ ይበል፣ የኮቱ ንድፍ ደግሞ ድምፁን ዝቅ ያድርግ። ደቃቅ ካሬ ያለው ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ሰፋ ያለ ሰያፍ መስመር ካለው ጥቁር ሰማያዊ ከረባትና ከወጥ ግራጫ ኮት ጋር ለማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚመጥን አለባበስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአለባበሱ ስመ ጥር የነበረው የዊንዘር መስፍን፣ ማለትም ዙፋኑን የለቀቀው የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ፣ ካሬ ኮትን ከባለ መስመር ሸሚዝና ንድፍ ካለው ከረባት ጋር በመልበስ ይታወቅ ነበር።

መስመር ከመስመር ጋርም ይቻላል፤ ግን በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት መለያየት አለበት። ሸሚዙ ላይ መስመሮቹ የተጠጋጉ ከሆኑ ኮቱ ላይ የተራራቁ ይሁኑ። ሦስቱም ላይ እኩል ርቀት ያላቸው መስመሮች ካሉ፣ ከፊትዎ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ይደክማል። ከረባቱና የደረት ኪስ መሐረቡ ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ሆነው ተዘጋጅተው የሚሸጡትን ግን አልመክርም፤ ለባሹ ራሱ የመረጠው ነገር እንደሌለ ያስመስላሉ።

ጥለት ያለው ነጠላ ከአበባማ ቀሚስ ላይ ሲደረብ እንዴት ማስማማት ይቻላል?

መጀመሪያ ጥለቱን ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ሸማኔው ማጉን በእጁ እያስገባ ከነጩ ድር ላይ ያወጣው መስቀል፣ ባለ አራት ማዕዘን ፈርጥና እንደ መጋዝ ጥርስ የሚሄድ ቅርጽ፣ ቀርቦ ላየው እጅግ ደቃቅና የተጠጋጋ ነው። ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲሉ ግን እነዚያ ቅርጾች ይጠፉና ጥለቱ በነጭ መደብ ላይ የተሰመረ አንድ ወፍራም ባለ ቀለም መስመር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ነጠላን እንደ ባለ መስመር ልብስ ቆጥሮ መነሣት ይገባል። ከአበባ ጋር በደንብ የሚሄደውም ለዚህ ነው፤ አበባው ጎባጣ፣ ጥለቱ ቀጥ ያለ ነውና። በአንጻሩ ደቃቅ ካሬ ያለበት ቀሚስ ከጥለቱ ማዕዘናማ ቅርጾች ጋር በቅርበት ሲታይ ይምታታል።

ቀለሙን ከጥለቱ ክሮች ውስጥ መፈለግ ይገባል። ጥለቱ ሦስትና አራት ቀለም ካለው ሁሉንም ከቀሚሱ ጋር ለማዛመድ መድከም አያስፈልግም፤ አንዱ ክር በአበባው ውስጥ ከተገኘ ይበቃል። ቀሚሱ ብዙ ቀለም ካለው ደግሞ ባለ አንድ ቀለም ጥለት፣ ለምሳሌ ወርቃማ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ብቻ የሆነ፣ ከሁሉ ይሻላል። ነጠላ ለመግዛት ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው ቀሚሱን ወይም ቢያንስ ቁራጭ ጨርቁን ይዞ ቢሄድ፣ ጥለቱን በስልክ ፎቶ ከማመሳከር ስሕተት ይድናል፤ ፎቶ በተለይ ቀይንና ወይን ጠጅን በትክክል አያሳይም።

ሌላው ጉዳይ የነጠላው መሳሳት ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ጥቁር ወይም ደማቅ አበባ በነጩ ውስጥ አልፎ ግራጫ ጥላ ይሠራል፤ ነጩ መደብም ጥራቱን ያጣል። ይህ እንዳይሆን ነጠላውን በትከሻና በደረት ላይ ደረብ አድርጎ መልበስ ወይም ከሥሩ መደቡ ፈካ ያለ ቀሚስ መምረጥ ነው። በብርድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በሐበሻ ቀሚስ ላይ ካፖርት ሲደርቡም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል፤ ከካፖርቱ ሥር የሚታየው የቀሚሱ የታችኛው ጥለት ብቻ ስለሚሆን፣ ካፖርቱ ካሬ ከሆነ ካሬው ሰፊና ቀለሙ የደበዘዘ ቢሆን ጥለቱ ቦታውን አይነጠቅም።

ለለቅሶና ለቤተ ክርስቲያን ንድፍ ማጣመር ይፈቀዳል?

በእነዚህ ቦታዎች ላይ አለባበስ ከራስ ምርጫ በፊት ለሌሎች የሚሰጥ አክብሮት ነው። ለቅሶ ቤት ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ወጥ ልብስ፣ ጥለቱ ጥቁር ከሆነ ወይም ከደበዘዘ ነጠላ ጋር መልበስ የተለመደ ነው፤ የጥለቱ አቀማመጥ ራሱ መልእክት እንዳለው፣ ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ወደ ፊት ሆኖ እንደሚለበስም የሚታወቅ ነው። ይህ መልእክት በአበባና በነጠብጣብ መካከል መጥፋት የለበትም። ከሥራ በቀጥታ ለሚሄድ ሰው ኮቱን ቆልፎ ዥንጉርጉሩን ሸሚዝ መሸፈን ይበቃዋል።

ለቤተ ክርስቲያን ነጩ ነጠላ ሁሉን ስለሚሸፍን ነገሩ ይቀላል። ከሥር የሚለበሰው ደማቅ ሥዕል ወይም ትልልቅ ጽሑፍ የሌለው መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ጨርቅ ገዝቼ ላሰፋ ስል ንድፉን በተመለከተ ምን ልጠንቀቅ?

መስመር፣ ካሬና ትልልቅ አበባ ያለበት ጨርቅ ከወጥ ጨርቅ የበለጠ ይፈጃል። ልብስ ሰፊው የጎን ስፌቱ ላይ ካሬው ከካሬው፣ መስመሩ ከመስመሩ እንዲገጥም ጨርቁን ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተተ ስለሚቆርጥ ትርፍ ይፈልጋል። ንድፉ በየ10 ሳንቲሜትሩ የሚደገም ከሆነ፣ በእያንዳንዱ የሚቆረጥ ክፍል ላይ እስከ 10 ሳንቲሜትር ሊባክን ይችላል። አበባው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ ከሆነም ክፍሎቹን ገልብጦ መቁረጥ ስለማይቻል ፍጆታው ይጨምራል። ሜትሩን ከመግዛት በፊት ሰፊውን መጠየቅ፣ ኪሱና የፊት ቁልፍ መስመሩ እንዲገጥም መፈለግንም አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ከተቆረጠ በኋላ መፍትሔ የለውም።

መርካቶ ጨርቅ ሲመርጡ ደግሞ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ጥሩ ነው። በሽመና የገባ ካሬ በሁለቱም ፊት እኩል ይታያል፤ የታተመው ግን ጀርባው የገረጣ ነው። የታተመ መስመር አንዳንድ ጊዜ ከጨርቁ ክር ጋር ሳይገጥም ተንጋዶ ይታተማል፤ እንዲህ ያለውን የትኛውም ሰፊ ሊያቃናው አይችልም። ጨርቁን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አጥፎ መስመሩ ከእጥፋቱ ጋር እኩል መሄዱን ማረጋገጥ ከዚህ ያድናል።

በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሸሚዜ ለምን የሚንቀጠቀጥ ይመስላል?

የካሜራው ምስል ተቀባይ በረድፍ ከተደረደሩ እጅግ ደቃቅ ነጥቦች የተሠራ ነው። የሸሚዙ መስመሮች ወይም ካሬዎች ከነዚያ ነጥቦች ርቀት ጋር ሲቀራረቡ፣ ሁለቱ ረድፎች ተደራርበው በልብሱ ላይ የሌለ የሚወዛወዝ ሞገድ፣ አንዳንዴም ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም ይፈጥራሉ። በቴሌቪዥን የሚቀርቡ እንግዶች ደቃቅ መስመር ያለበት ልብስ እንዳይለብሱ የሚመከሩት በዚህ ምክንያት ነው። ለእንዲህ ያለ ቀን ትልቅ ንድፍ ወይም ወጥ ቀለም መልበስ ይሻላል፤ ሸሚዙ አስቀድሞ ከተለበሰ ደግሞ ወደ ካሜራው ትንሽ መጠጋት ወይም መራቅ ሞገዱን ይቀንሰዋል።

ሁለቱም ንድፎች ትልልቅና ደማቅ ከሆኑስ? ለምሳሌ ዱንጉዛ ወይም የምዕራብ አፍሪካ ጨርቅ ከምን ጋር ይለበሳል?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። የጋሞና የወላይታ ዱንጉዛ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ የተሸመነ፣ ከሩቅ የሚጣራ ጨርቅ ነው። የምዕራብ አፍሪካውያን መለያ የሆነው በሰም የሚታተም ጨርቅም፣ መነሻው ባቲክ የተባለውን፣ በኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት በሰም እየተነደፈ የሚቀለም ጨርቅ ለማስመሰል የሞከሩ አውሮፓውያን ፋብሪካዎች ሲሆኑ፣ ከነዚህም እ.ኤ.አ. በ1846 በኔዘርላንድስ ሄልሞንድ ከተማ የተመሠረተው ቪሊስኮ ዛሬም ይሠራል፤ ቅርጾቹ አንዳንዴ ደረትን ሙሉ ይሸፍናሉ። እንዲህ ያሉ ጨርቆች በአለባበሱ ውስጥ ዋናውን ቦታ መያዝ አለባቸው። ሁለተኛው ንድፍ ደቃቅ፣ ባለ ሁለት ቀለም፣ ቢቻል ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ የዱንጉዛ ጃኬት ከደቃቅ ጥቁርና ነጭ መስመር ሸሚዝ ጋር የሚያምረው ጥቁሩ ከሁለቱም ስላለና መስመሩ ከሩቅ ግራጫ ስለሚመስል ነው። የነብር ቆዳ የሚመስለው ንድፍም፣ ቡኒና ጥቁር ብቻ ስላለው፣ በሻርፕ ወይም በጫማ መጠን እስከሆነ ድረስ ከእነዚህ ጋር ይታገሣል።

ሁለቱንም ትልልቅ ንድፎች መልበስ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሠርግ የተሰጠ ቀሚስና የስጦታ ሻርፕ አንድ ላይ ሲመጡ፣ በመካከላቸው ወጥ ቀለም ያለው ነገር ማስገባት ይረዳል። ከቀሚሱ ቀለሞች በአንዱ የተሠራ ሰፊ ቀበቶ፣ ወጥ ሹራብ ወይም አጭር ጃኬት ሁለቱን ጨርቆች እንዳይነካኩ ይለያቸዋል። ሻርፑንም አንገት ላይ ዘርግቶ ከመልበስ ይልቅ ጠቅልሎ ማሰር ይሻላል፤ ሲጠቀለል ቅርጹ ተሰባብሮ ቀለሙ ብቻ ስለሚቀር፣ ትልቁ ንድፍ በራሱ ወደ ትንሽነት ይለወጣል።